የጨዋታ ጠመንጃና የብርቱካን ቀለም

በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ስለ ልጆች አስተዳደግ፥ ስለ ቤት አያያዝና ስለ ጤና አጠባበቅ ብዙ ጠቃሚ ምክር ሲጻፍ እናነባለን። ዛሬ እኛ የምንጽፈው ግን ለአንዳንዶቹ አንባቢዎቻችን እንግዳ ሳይመስል አይቀርም፤ ይኸውም ወጣቶች በቤታቸው ጠረጴዛ ላይ ፈታትተው ለቅርብ ጨዋታ እንዲስማማ አድርገው ስለሚያበጁት፥ ኤርሶፍት ስለሚባለው የጨዋታ ጠመንጃ ነው። ይህንም ለመጻፍ የተነሣነው በነገሩ ሊቅ ስለ ሆንን አይደለም፤ ባለማወቃችን ስለ ተሳሳትንና ስሕተታችን ለሌላው አባት፥ ለሌላውም አጎት ትምህርት ሊሆነው ይችላል ብለን ስለ አሰብን ነው።

ፍርድ ቤቶች በክረምት ለጥቂት ጊዜ እንደሚዘጉ የታወቀ ነው። እኛም በፍርድ ቤት ጸሓፊነት የምናገለግል ስለ ሆንን፥ ያለፈውን የክረምት ዕረፍት በአሜሪካ አገር፥ ከዋሽንግተን ከተማ አጠገብ በሜሪላንድ ግዛት፥ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚባለው ስፍራ ከምትኖረው ከታላቅ እኅታችን ቤት አሳለፍን። በዚያ አካባቢ የሚኖሩት ኢትዮጵያውያን ብዙዎች ስለ ሆኑ፥ እንጀራውም ቡናውም አልጎደለብንም። እኅታችን በሆስፒታል የሌሊት ሥራ ትሠራለች፤ ባለቤቷም ታክሲ እየነዳ አምሽቶ ይገባል፤ ስለዚህ ቀኑን አብሮን የሚውለው የ16 ዓመት ልጃቸው ነበር። ልጁ ትሑትና እጁ ለሥራ የቀለጠፈ ነው፤ አማርኛው ጥቂት ቢሰባበርም እናቱ እንዳስተማረችው ታላቁን ሰው «እርስዎ» ብሎ ይጠራል።

አንድ ቀን ጧት ቡና ፍለጋ ወደ ወጥ ቤት ስንገባ፥ በምግብ ጠረጴዛው ላይ ጥቁር የወታደር ጠመንጃ ተጋድሞ አገኘን። ደንግጠን በደጃፉ ላይ ቆምን። ልጁም ድንጋጤአችንን አይቶ፥ «አጎቴ፥ አይፍሩ፤ የሚተኩሰው የፕላስቲክ ጥይት ነው» አለና ከአንዲት ጠርሙስ ነጫጭ ጥቃቅን ድብልብሎች በመዳፋችን ላይ አፈሰሰልን። እያንዳንዱ ድብልብል 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፤ ክብደቱም 0.20 ግራም ነው፥ ማለት አምስቱ ቢደመሩ አንድ ግራም ይሆናሉ። ጠመንጃውን አንሥተን ብንመዝነው ግን በእጅ የሚከብድ ነው፤ በሰደፉም፥ በቃታውም፥ በማነጣጠሪያውም ከእውነተኛው የሚለይበት ነገር አልታየንም። በአፈ ሙዙ ጫፍ ላይ ብቻ ደማቅ የብርቱካን ቀለም ያለው ቀለበት ነበረበት። ይህን ቀለበት አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ይህ ጨዋታ የተወለደው በጃፓን አገር ነው። በዚያ አገር ጠመንጃ ስለ መያዝ የወጣው ሕግ እጅግ ጥብቅ ስለ ሆነ፥ የመሣሪያ ቅርጽ የሚወዱ ሰዎች እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ዓመታት የፕላስቲክ ድብልብል በሚተኩስ ምስለ ጠመንጃ ይጫወቱ ጀመር። (ከዚህ በታችም ዓመቱን የምንቈጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው።) በ1991 ዓ.ም. ቶኪዮ ማሩይ የሚባለው ኩባንያ ፋማስ በተባለው በፈረንሳይ ጠመንጃ አምሳል የተበጀውንና በባትሪ የሚሠራውን አወጣ፤ ከዚያም ወዲህ ጨዋታው በብዙ አገር ተስፋፋ። ተጫዋቾቹ በሁለት ወገን ተከፍለው በዱር ወይም በአዳራሽ ውስጥ እየተሸሸጉ ይፈላለጋሉ፤ የተመታውም ከጨዋታው ይወጣል።

የእኅታችን ልጅ የሚዘጋጀው ለአዳራሹ ጨዋታ ነበር። አዳራሹ በጣውላ ግድግዳ ተከፋፍሎ እንደ ቤት ክፍሎች፥ ደጃፎችና ጠባብ መተላለፊያዎች የተሠራ ስለ ሆነ፥ ሰው ከሰው የሚገናኘው በአምስትና በዐሥር እርምጃ ርቀት ነው። ጠመንጃው ግን የተገዛው ለዱር ጨዋታ ነበርና ድብልብሉን በሰከንድ 394 ጫማ፥ ማለት 120 ሜትር ያህል ያስኬደዋል። የአዳራሹ ደንብ ደግሞ በ0.20 ግራም ድብልብል ሲለካ ከ350 ጫማ፥ ማለት ከ107 ሜትር የሚበልጠውን አያስገባም። ስለዚህ ጠመንጃው መዳከም ነበረበት።

ይህን በሰማን ጊዜ ተገረምን። በአገራችን ጠመንጃ ተበጀ ሲባል ይበልጥ እንዲርቅና ይበልጥ እንዲመታ ሆነ ማለት ነው፤ ይህ ልጅ ግን ገንዘቡን አውጥቶ፥ ከመተኛት ተከልክሎ የሚደክመው ኀይሉን ለመቀነስ ነው። «ታዲያ ይህን ያህል ጥቂት ፍጥነት ቢቀነስ ምን ይጠቅማል?» ብለን ጠየቅነው። ልጁም በአማርኛ ለማስረዳት ቸገረው።

ያን ጊዜ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን ያስተማሩን አንድ ነገር ትዝ አለን፤ የሚሄድ ነገር ኀይል የሚገኘው የክብደቱ እኩሌታ በፍጥነቱ ሲባዛ፥ እንደ ገናም በዚያው ፍጥነት ሲባዛ ነው። ወረቀት አምጥተን አሰላነው። 0.20 ግራም ድብልብል በሰከንድ 100 ሜትር ቢሄድ ኀይሉ ልክ 1 ጁል ይሆናል። በ120 ሜትር ቢሄድ 1.44 ጁል፥ በ90 ሜትር ቢሄድ 0.81 ጁል ነው። እንግዲህ ፍጥነቱ በሩብ ብቻ ሲቀነስ ኀይሉ ወደ እኩሌታ ሊደርስ ጥቂት ይቀረዋል። ከሩቅ የመጣ ድብልብል በአየሩ ስለሚደክም ልብስን መታ አድርጎ ይወድቃል፤ በክፍል ውስጥ ግን ሳይደክም ስለሚደርስ ቆዳን ይልጣል፥ ጥርስንም ይሰብራል። ጃፓኖች በ2006 ዓ.ም. ሕጋቸውን አሻሽለው የዚህን ዐይነት ጠመንጃ ኀይል ከ0.98 ጁል እንዳይበልጥ የወሰኑት ለጉዳት መጠን ስላለው ነው። ልጁ ወረቀቱን አይቶ በጣም ደስ አለው፤ እኛም ከ25 ዓመት በላይ ያልነካነው ትምህርት በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ በመጥቀሙ በልባችን ኰራን። ይህ ኵራት ጥቂት ቈይቶ ጎዳን።

ከቍርስ በኋላ ሥራው ተጀመረ። በጠመንጃው ሆድ ውስጥ አንዲት የብረት ሣጥን አለች። ቃታው ሲሳብ ትንሹ ሞተር ሦስት ጥርሳም መዘውሮችን ያዞራል፤ መዘውሮቹም ፒስቶኑን ወደ ኋላ እየሳቡ ከበስተ ኋላው ያለውን ሞላ ያጨማድዱታል፤ የመጨረሻው ጥርስ ሲለቀው ሞላው ፒስቶኑን ወደ ፊት ይወረውረዋል፥ በሲሊንደሩ ያለው አየርም ታምቆ ድብልብሉን ይገፋዋል። እንግዲህ የጠመንጃው ጕልበት ያለው በሞላው ነው። ሞላዎቹ በቍጥር ይታወቃሉ፤ 120 የተባለው በሰከንድ ወደ 120 ሜትር፥ 90 የተባለው ወደ 90 ሜትር ገደማ ያስኬዳል። ልጁ ያዘጋጀው ባለ 90ውን ነበር።

ይህን ሣጥን መክፈት ትዕግሥት ይጠይቃል። በመጀመሪያ ባትሪውና የጥይት ካዝናው ይወጣሉ፤ ቀጥሎ ሞተሩ ከእጀታው ይፈታል፤ ከዚያም የላይኛው አካል ከታችኛው ይለያል። ሣጥኑም ከመከፈቱ በፊት መዘውሮቹን ወደ ኋላ እንዳይመለሱ የምትይዘውን ትንሽ ማገጃ ለቅቆ የሞላውን ውጥረት ማርገብ፥ መሪውንም በካቻቢቴ ወይም በጣት ይዞ መክፈት ያስፈልጋል። ልጁ ይህን ዐውቆ ቀስ ሲል፥ እኛ ቡና እየጠጣን «በል እንጂ፥ ክፈተው!» ብለን አጣደፍነው። ሣጥኑ ሲከፈት ሞላው ዘለለና የስኳሩን ሳሕን ገለበጠው፤ የማገጃይቱ ሞላ ደግሞ፥ እርስዋ ከስንዴ ፍሬ የማትበልጥ፥ ከዐይናችን ተሰወረች። ሁለታችንም በእንብርክካችን ሆነን በምድጃውና በማቀዝቀዣው ሥር አንድ ሰዓት ያህል ፈለግናት። በመጨረሻ የተገኘችው በእኛው ጫማ ውስጥ ነው። ልጁ በዐይኑ መከላከያ መነጽር ስለ አደረገ ዘላዩ ሞላ ቢያገኘውም አይጎዳውም ነበር፤ እኛ ግን ባዶ ዐይናችንን ነበርን። ከዚያ በኋላ ለእኛም ሌላ መነጽር አመጣልን።

የቀረውን ሥራ በዝግታ ፈጸመው። አሮጌውን ግራሶ በጨርቅ ጠርጎ አዲስ ቀባ፤ የፒስቶኑን የጎማ ቀለበት አየር እንዳያሾልክ መረመረ። ከደጃፍ ወደ ደጃፍ ለመዞር እንዲያመች፥ 363 ሚሊ ሜትር የነበረውን የውስጥ ቱቦ አውጥቶ ወደ 250 ሚሊ ሜትር በሚጠጋ አጭር ቱቦ ለወጠው። ቱቦው ሲያጥር የሚያስፈልገው አየር ስለሚያንስ፥ ሲሊንደሩንም በጎኑ ቀዳዳ ባለው ሌላ ሲሊንደር ተካው። ድብልብሉን ከላይ ጫን ብላ ወደ ኋላ እያሽከረከረች ሩቅ እንዲንሳፈፍ የምታደርገውን ትንሽ ጎማ አላላት፤ በክፍል ውስጥ ሩቅ መሄድ አያስፈልግምና። ሞተሩን ግን ጕልበት ባለው ለወጠው፤ ደካማ ሞላና ብርቱ ሞተር ሲገናኙ ቃታው ሲነካ ተኵሱ ወዲያው ይከተላል። በቅርብ ጨዋታ የሚያስፈልገው ይህ ነው፤ ለምቱ ቀላል፥ ለመልሱ ፈጣን መሆን።

ማታ በምድር ቤት ውስጥ፥ ሁለታችንም መነጽር አድርገን፥ አሮጌ ጨርቅ በተሞላ የካርቶን ሣጥን ላይ ተኰሰ። የፍጥነት መለኪያው መሣሪያ 302 አለ። በሜትር 92፥ በኀይል 0.85 ጁል መሆኑ ነው። ልጁ እስኪሥቅ ድረስ ደስ አለው፤ እኛም እንደ እርሱ።

አሁን ወደ ስሕተታችን እንመለስ። በማግሥቱ ቅዳሜ፥ ጠመንጃው ተወልውሎ በጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ በእውነቱ ያማረ ነበር። ያ የብርቱካን ቀለበት ብቻ በዐይናችን ቀፈፈን። «ይህ ቀለም ምንድር ነው? ይህን ያህል የደከምህበትን ሥራ የሕፃን መጫወቻ አስመሰለብህ እኮ» አልነው። ልጁም «ጥቁሩ አለኝ፤ እማዬ ግን አትንካው ብላኛለች» ብሎ ዝቅ ባለ ድምፅ መለሰ። እኛም፥ ሲጻፍ ያሳፍራል፥ «እናትህ ስለ ጠመንጃ ምን ታውቃለች?» አልን። ልጁ ጥቂት አመነታ፤ ነገር ግን የታላቅ ቃል ነውና ቀለበቱን ያዘው። ጥርሱ የግራ ስለ ሆነ ከተለመደው ብሎን በተቃራኒ እየተዞረ ይፈታል። ብርቱካኑ ወረደ፥ ጥቁሩ ገባ።

በዚህም አላበቃንም። ልጁ መነጽሩን፥ የፊት መሸፈኛውንና ውሃውን ተሸክሞ ወደ መኪናው ሲቀድመን፥ የጠመንጃውን ቦርሳ ማንሣት ታካችን። መኪናው ከደጃፉ ሃያ እርምጃ አይርቅም፤ ለሃያ እርምጃ ቦርሳ ምን ያደርጋል ብለን ጠመንጃውን እንዲሁ በእጃችን ይዘን ወጣን። በመንገዱ ማዶ ውሻዋን የምታንሸራሽር አንዲት ጎረቤት ነበረች። አየችንና ቆመች፤ ውሻውን ወደ ራስዋ ሳበችው፤ ሌላው እጇም ወደ ኪስዋ ገባ።

በዚያው ቅጽበት ከኋላችን ደጁ በኀይል ተከፈተ። እኅታችን ከሌሊት ሥራ ተመልሳ ቡና ልታፈላ ነጠላ ለብሳ ነበርና በመስኮቱ አይታናለች። «አንተ! ወደ መሬት! አፉን ወደ መሬት አድርገው!» እያለች በባዶ እግርዋ ደረጃውን ወረደች፤ ደርሳም ነጠላዋን ከትከሻዋ አውልቃ ጠመንጃውን ከነእጃችን ጠቀለለችው። ከዚያም ፊትዋን ወደ ጎረቤቲቱ መልሳ፥ የልጅዋ መጫወቻ መሆኑን፥ እኛም ከአገር ቤት የመጣን ወንድምዋ መሆናችንን በእንግሊዝኛ አስረዳቻት። ሴትዮዋ ስልኳን ወደ ኪስዋ መለሰች፤ ፈገግ ለማለትም ሞከረች፤ ፊትዋ ግን ዐመድ መስሎ ነበር።

ወደ ቤት ገብተን ነጠላው ሲፈታ እኅታችን የጠመንጃውን ጫፍ አየች። አልጮኸችም። «ብርቱካኑን ማን ፈታው?» ብላ ጠየቀች። ልጁ ወደ እኛ አልተመለከተም፤ ጭጭ ብሎ ወለሉን ያይ ነበር። በሥራው ራሱ ጥፋተኛ ሆኖ አጎቱን ሊሸፍን እንደ ወደደ ገባን። እኛም፥ ወዲያው ሳይሆን ጥቂት ዘግይተን፥ «እኛ ነን ያስፈታነው» አልን።

እኅታችን ተቀምጣ ነገሩን ነገረችን። እኛም በኋላ ጉዳዩን በእጃችን ፈልገን አንብበነዋል። በ2014 ዓ.ም. ኖቬምበር 22 ቀን፥ በኦሃዮ ግዛት በክሊቭላንድ ከተማ፥ ታሚር ራይስ የሚባል የ12 ዓመት ጥቁር ልጅ በአንድ መናፈሻ ውስጥ በኤርሶፍት ሽጉጥ ይጫወት ነበር። ሽጉጡ በእውነተኛው አምሳል የተሠራ ነው፤ የብርቱካን ምልክቱም አልነበረበትም። አንድ ሰው ወደ ፖሊስ ደውሎ፥ በእጁ የያዘው ምናልባት የውሸት ሊሆን እንደሚችል፥ የያዘውም ምናልባት ልጅ እንደ ሆነ ተናገረ። ይህ ቃል ግን ወደ ስፍራው ለተላኩት ፖሊሶች አልደረሰም። መኪናቸው በልጁ አጠገብ ከቆመ በኋላ ሁለት ሰከንድ ያህል እንኳ ሳይሞላ አንደኛው ፖሊስ ተኰሰ፤ ልጁም በማግሥቱ ሞተ። ክስ ይቅረብ ወይም አይቅረብ ብሎ የሚወስነው የዜጎች ጉባኤ በ2015 ዓ.ም. ዲሴምበር በፖሊሶቹ ላይ ክስ እንዳይቀርብ ወሰነ። በ2016 ዓ.ም. ከተማይቱ ለቤተ ሰቡ 6 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማች።

እኅታችን ይህን ስትናገር ልጅዋን አላየችውም። «ይህ ልጅ ለእኔ ልጄ ነው፤ ለጎረቤቴም የጎረቤት ልጅ ነው፤ ለማያውቀው ሰው ግን ቁመቱ የትልቅ ሰው ነው፥ መልኩም ጥቁር ነው። ያን ቀለም ያልወደድኸው ላንተ ስላላማረ ነው። እኔ ሌሊት ሥራ ላይ ሆኜ የምታመነው በእርሱ ነው» አለችን። የምንመልሰው አጣን።

እኛ ከሃያ ዓመት በላይ የከሳሽንና የተከሳሽን ቃል ስንጽፍ ኖረናል። በእነዚያ መዝገቦች ውስጥ ብዙ ጊዜ የጻፍነው ቃል «ገደልሁ» ወይም «ሰረቅሁ» የሚለው አይደለም፤ «መስሎኝ ነበር» የሚለው ነው። ሌባ መስሎኝ ነበር፤ ጠላቴ መስሎኝ ነበር፤ ዱላው መሣሪያ መስሎኝ ነበር። ዳኛው ይህን ቃል ይመረምራል፥ ይመዝናል፤ አንዳንድ ጊዜ ይቀበለዋል፥ አንዳንድ ጊዜም ይጥለዋል። የሞተው ግን በሁለቱም ፍርድ አይመለስም። ይህን ቃል በየቀኑ የምንጽፍ ሰዎች ስንሆን፥ በዚያ ቅዳሜ ጧት ለሌላ ሰው «መስሎኝ ነበር» ለማለት የሚያበቃ ነገር በገዛ እጃችን አዘጋጅተን ወደ አደባባይ ወጣን።

በአሜሪካ አገር በ1988 ዓ.ም. በወጣው ሕግ መሠረት፥ የእውነተኛ መሣሪያ መልክ ያለው መጫወቻ ሲሠራ፥ ሲሸጥና ሲላክ በጫፉ ላይ ደማቅ የብርቱካን ምልክት ሊኖረው ይገባል። የደንቡም ቃል ቀለሙ በአፈ ሙዙ ዙሪያ ቢያንስ 6 ሚሊ ሜትር እንዲሸፍን ያዛል። የሚያስደንቀው፥ ይህ ልክ የድብልብሉ ውፍረት ነው። ነገር ግን እውነቱን ለመናገር፥ ምልክቱ ብቻውን መድን አይሆንም፤ በጨለማ አይታይም፥ ከሩቅም አይለይም፤ ክፉ ሰውም እውነተኛ ጠመንጃ በብርቱካን ቀለም ሊቀባ ይችላል። ስለዚህ ከቀለሙም በፊት የሚጠብቀው መሸፈኛው ነው፤ ከቤት እስከ አዳራሽ ድረስ ማንም እንዳያየው ቦርሳ ውስጥ መዋል አለበት።

ልጁ ብርቱካኑን ቀለበት መለሰ፤ ጠመንጃውም በቦርሳው ገባ፤ እኅታችን ራስዋ መኪናውን ነድታ ወደ አዳራሹ ወሰደችን። በበሩ ላይ ሠራተኞቹ ጠመንጃውን በራሳቸው 0.20 ግራም ድብልብል ለክተው ፈቃድ ምልክት አሰሩበት። በመጫወቻው ስፍራ ማንም መነጽሩን ለአንድ አፍታ እንኳ እንዳያወልቅ፥ ሲወጣም ካዝናውን ነቅሎ፥ በቱቦው የቀረውን ተኵሶ፥ አፈ ሙዙን በጨርቅ እንዲሸፍን ያዛሉ። በአንድ ስበት ከአንድ ድብልብል በላይ መተኰስም ክልክል ነው።

እኛ ከመረቡ ኋላ ቆመን ተመለከትን። ከሁሉ የደነቀን የዳኝነቱ ነገር ነው። ድብልብሉ በልብስ ላይ ቀለም አይተውም፥ ምልክትም አያሳይም፤ መመታቱን የሚያውቀው የተመታው ብቻ ነው። ስለዚህ ተከሳሹም፥ ምስክሩም፥ ዳኛውም አንድ ሰው ነው። የተመታው እጁን አንሥቶ «ተመታሁ» ብሎ ይወጣል፤ ይህን የማያደርግ ካለ ጨዋታው ይፈርሳል። የእኅታችን ልጅ በአንድ ጥግ ተሸሽጎ ሳለ ሲደነግጥ አየነው፤ የመታው ልጅ እንኳ መምታቱን አላወቀምና ፊቱን ወደ ሌላ መልሶ ነበር። ልጃችን እጁን አነሣ፥ ወጣም። በቄስ ትምህርት ቤት ሳለን ዳዊት ስንደግም አንድ መስመር ብንዘል፥ መምህሩ ባይሰሙን እንኳ ተመልሰን እንድናነበው ይመክሩን ነበር። ይህን ያህል ዘመን ቈይተን፥ ጧት ለእኅታችን ጥያቄ ለመመለስ የዘገየንባት ያች ጥቂት ጊዜ በመረቡ አጠገብ ቆመን ከበደችን።

የጦርነት አምሳል ያለው ጨዋታ ለእኛ አገር አዲስ አይደለም። በጃን ሜዳ ጉግስ ሲጫወቱ ፈረሰኞቹ በጋሻ እየመከቱ የሚወራወሩት ብረት የሌለበት ዘንግ ነው፤ በገና ጨዋታም ቀን ጌታ በአገልጋዩ አይቈጣም ይባላል። ነገር ግን ይህ ሁሉ በታወቀ ቀንና በታወቀ ሜዳ የሚደረግ ነው፤ የሚያየው ሁሉ ጨዋታ መሆኑን ያውቃል። ሜዳው ራሱ እንደ ብርቱካኑ ቀለም ያስረዳል። ከሜዳው ሲወጣ ግን ያስረዳ የነበረው ነገር ይቀራል።

እንግዲህ ልጁ ይህን ጨዋታ የወደደ ወላጅ ቢኖር፥ መከልከል ይሻላል ብለን አንመክርም። ሣጥኒቱን ፈትቶ መግጠም እጅን ያሠለጥናል፤ ኀይልን አስልቶ መቀነስም ለልጅ መልካም ትምህርት ነው። የምንመክረው ጥቂት ነገር ነው። ልጁ ሣጥኑን ሲከፍት አያጣድፉት፤ መነጽርም ለእርሱ ብቻ ሳይሆን አጠገቡ ለሚቀመጠውም ይሁን። ሞላው ከተለወጠ በኋላ ፍጥነቱ በመለኪያ ይታይ እንጂ በግምት አይታለፍ። የሊቲየም ባትሪው በተገቢው መሙያ ይሞላ፤ ሰው ሳይጠብቀውም አይተው። የብርቱካኑ ምልክት በምንም ምክንያት አይነሣ፤ ጠመንጃውም ከመጫወቻው ስፍራ በቀር በየትም ቦታ፥ ለሃያ እርምጃም ቢሆን፥ ያለ ቦርሳ አይታይ። ከሁሉም በላይ እናት «አትንካ» ያለችውን ነገር አጎት «ንካ» ከማለቱ በፊት፥ ስለ ምን እንዳለች አስቀድሞ ይጠይቃት።

ወደ አገራችን ልንመለስ በተነሣንበት ቀን ልጁ ለመታሰቢያ ይሁንዎት ብሎ ያን ጥቁር ቀለበት ሰጠን። አሁን በመዝገብ ቤቱ በጽሕፈት ጠረጴዛችን ላይ አለ። «መስሎኝ ነበር» የሚል ቃል ለመጻፍ ብዕራችንን ስናነሣ ዐይናችን በእርሱ ላይ ያርፋል።